ስድስተኛው ጉድለቴ

መስከረም 15፣ ሐሙስ

እሺ አለች! በትክክል ያለችው «እንግዲህ ሽማግሌህን ላክ» ነው፤ ይኼን ግን ወደ እሺ የማይተረጉም ወንድ በመተማ የለም።

ብሌን ይህን ያለችኝ በጤና ጣቢያው ላቦራቶሪ መስኮት በኩል ነው። ከኋላዬ ለወባ ምርመራ የተሰለፉ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰሊጥ አጫጆች ነበሩ። አንዱ ጎጃሜ «መምህር፣ ደምህን ገልብጠህ ነው እንዴ የምትሰጥ? ምነው ቆየህ?» ሲል ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ በኋላ ቤት እንዴት እንደ ደረስኩ በደንብ አላስታውስም። ባጃጅ መያዝ ረስቼ፣ ፀሐዩ አናቴን እየጠበሰኝ፣ ጉምሩኩ ጋ የተሰለፉትን የጭነት መኪናዎች ሁሉ በእግሬ አልፌ የመጣሁ ይመስለኛል።

የዚህ ደብተር ሽፋን ላይ «ሰማኸኝ፣ የግብረ ገብ መምህር። ስለ እውነት የተሰበሰቡ ሐሳቦች» ብዬ ከጻፍኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እስከ ዛሬ የሞላው ሦስት ገጽ ነው። ከእንግዲህ ሁሉም ነገር ይገባበታል።

ሌላም የምሥራች አለ። ርዕሰ መምህሩ የክርክር ክበቡን ፈቀዱልኝ! የመጀመሪያው ክርክር ጥቅምት 14 ነው፤ ርዕሱን እኔ መረጥኩት፤ «ዝምታ ውሸት ነው ወይስ አይደለም?» ፍልስፍና ተምሬ ሰባት ዓመት የደንብ ልብስና የማርፈድ ጉዳይ ሳወራ ኖርኩ፤ አሁን ገና ወደ ሥራዬ ልገባ ነው።

ማምሻውን እማ ከሞጣ ደወለች። ዝናቡ አልቆመም፣ ጎኗን ይወጋታል። እንደ ልማዷ የዝውውር ማመልከቻዬን ጠየቀችኝ። ግንቦት ላይ፣ ብሌንን ሳላውቃት፣ የሞላሁት ነው። «ለጥምቀት ቤቴ ነኝ» አልኳት እንደ ልማዴ። ደስ አላት። ስለ ብሌን ዛሬ አልነገርኳትም፤ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንም።

መስከረም 17፣ ቅዳሜ፣ መስቀል

ጠዋት ከካሌብ ጋር ሻይ ቤት ተቀመጥን። ካሌብ ፊዚክስ ያስተምራል፤ ቤት የምንጋራ ነን። ከጀርባችን ሁለት ሾፌሮች ስለ ብሌን አባት፣ ስለ አቶ ደምለው ያወራሉ።

«ትልቋን እመቤትን ለደገኛ ሰጥቶ ይኸው አራት ዓመት ዓይኗን አላየ» አለ አንዱ። «ታናሿን ከዚህ ለማይነቃነቅ ነው የሚሰጥ፣ ምሏል አሉ።»

ካሌብ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠው። ምን ይረግጠኛል? የተወራው ስለ እመቤት ነው። እኔን በስም የጠቀሰኝ የለም።

መስከረም 20፣ ማክሰኞ

መብራት የለም፤ ሙቀቱ አያስተኛም፤ በስልኬ መብራት እየጻፍኩ ነው። ምክንያቱም አገኘሁት! ለክርክሩ ስዘጋጅ ድንገት ብልጭ አለልኝ፤ ሳይጠፋብኝ ላስቀምጠው።

እውነትና ሐሰት የአረፍተ ነገር ጠባይ ናቸው። ድንጋይ እውነት አይደለም፣ ሐሰትም አይደለም፤ ዝም ብሎ ድንጋይ ነው። «ይህ ድንጋይ ጥቁር ነው» የሚል ሰው ሲመጣ ነው እውነትና ሐሰት የሚመጡት። እንግዲህ አረፍተ ነገር በሌለበት ሐሰት ሊኖር አይችልም። ዝም ያለ ሰው ደግሞ አረፍተ ነገር አላወጣም። ስለዚህ ዝም ያለ ሰው ሊዋሽ አይችልም! ሦስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አየሁት፤ ቀዳዳ የለውም። ደስታዬን ለማን ልንገረው? ካሌብን ቀሰቀስኩት። «ነገ» ብሎ ዞሮ ተኛ። ለእኔ ከባድ ሸክም የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ዳኛው ዘንድ ሄጄ ነበር። የትምህርት ቤታችን ንብረት ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ ከእሳቸው በላይ ያስታረቀና ያጋባ ሽማግሌ በመተማ የለም ይባላል። እንዲሄዱልኝ ለመንኳቸው፤ ለእሑድ እሺ አሉኝ። ከእሳቸው ጋር ቄሱና ሐጅ ኡመይር ይሄዳሉ። ሐጅ ሱዳን ድንበር ማዶ፣ ገላባት ተሻግረው የሚነግዱ፣ ከአቶ ደምለው ጋር ከልጅነት ጀምሮ የሚዋደዱ ሰው ናቸው። እኔም አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ ስለ እኔ አንድም ሐሰት እንዳይነገር። ሽማግሌ ሙሽራውን ከመልአክ ሲያስተካክል ስንቴ ሰምቻለሁ! እኔ እውነትን እያስተማርኩ በሐሰት አላገባም። ስለዚህ ጉድለቶቼን በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው። አንደኛ፣ ዕድሜዬ ሠላሳ አንድ እንደሆነ፤ ሰው ከዚያ ያነሰ ይመስለዋል። ሁለተኛ፣ እልኸኛ ነኝ። ሦስተኛ፣ ስተኛ አንኮራፋለሁ፤ ምስክር ካሌብ። አራተኛ፣ ባለፈው ዓመት ሦስት ጊዜ ወባ ታምሜአለሁ። አምስተኛ፣ ፀጉሬ ከፊት መሸሽ ጀምሯል።

ጋሽ ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት።

«ይኼ የጋብቻ ጥያቄ ነው ወይስ የክስ ማመልከቻ?» አሉኝ። «ስማ ልጄ፣ ሽማግሌ በሰው በር የሚያቀርበው ወረቀት አይዶለም፣ ሰው ነው።»

«እውነቱን እንዲያውቁ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት። «ሌላስ ያልጻፍከው አለ?»

«ይኼ ይበቃል» አልኩ።

መስከረም 22

ሦስት ክፍል በተከታታይ። ጠመኔ የለም። ብሌንን ከሩቅ አየኋት፣ እጇን አነሣች። እሑድ! እሑድ!

መስከረም 25፣ እሑድ

ጠዋቱን ሙሉ ግቢ ውስጥ ስመላለስ ካሌብ «መሬቱን አረስከው» አለኝ። አምስት ሰዓት ገደማ ጋሽ ዳኛው መጡ። የነገሩኝን እንዳለ ላስፍረው።

ሦስቱም በአቶ ደምለው በር ላይ እንደ ወጉ ቆመዋል። ሽማግሌ የጠየቀው ሳይፈቀድለት አይቀመጥም፤ አባትም «ተቀመጡ» ካለ ልጁን ሰጠ ማለት ነው። አቶ ደምለው ተቀመጡ አላሏቸውም። ግን አላባረሯቸውም! ወረቀቱ ሲነበብላቸው መጀመሪያ ግራ ገባቸው፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ሳቃቸው አመለጣቸው። «እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። ከዚያ ሳቁን ትተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ልጄን ይዞብኝ ይሄዳል?»

የመለሱት ሐጅ ኡመይር ናቸው። «አይሄድም። ይኼ ልጅ ማንኮራፋቱን እንኳ ጽፎ የሰጠ ነው። መሄድ ቢኖርበት ይጽፈው አልነበር?»

ቄሱም «እውነት ነው» አሉ። ጋሽ ዳኛውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

ቀጠሮ ተሰጠ! ሰሊጡ ተራግፎ ሲያልቅ፣ ጥቅምት 30። የማይፈልግ አባት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ይኼን ሕፃን ያውቃል። ጋሽ ዳኛውን አቅፌ አነሣኋቸው፤ «አውርደኝ አንተ እብድ!» እያሉ ሳቁ።

ሐጅ እንዲያ ባይሉ ይሻል ነበር። ግን ያሉት እሳቸው ናቸው። እኔ አላልኩም።

መስከረም 28

እማ ደወለች። «ምን አዲስ አለ?» አለች። «ሙቀት ነው» አልኳት። እውነት ነው፤ ሙቀቱ ከባድ ነው።

ጥቅምት 4፣ ማክሰኞ

ክረምት ላይ ይለጠፋል የተባለው የዝውውር ዝርዝር በቅርቡ ይወጣል እየተባለ ነው። ከመቶ አመልካች ስምንት አይደርሰውም፤ እኔ የዕድል ሰው አይደለሁም። ካልደረሰኝ ነገሩ እንዳልነበረ ይሆናል፤ ታዲያ ያልሆነ ነገር አውርቼ ሰው ማስጨነቅ ምን ይባላል?

የክርክሩ ልጆች ግን እሳት ናቸው! «ዝምታ ውሸት ነው» የሚለውን ወገን የምትመራው የአሥራ አንደኛ ክፍሏ መጂዳ ናት፤ የሐጅ ኡመይር የልጅ ልጅ። «ዝምታ ውሸት አይደለም» የሚሉት ተከራካሪ ስላነሳቸው እኔ ራሴ አግዛቸዋለሁ። ያቺን የድንጋይዋን ነገር ይዤባታለሁ። አሳዘነችኝ።

ጥቅምት 9፣ እሑድ

ዛሬ ብሌን ተረኛ ስለነበረች ጤና ጣቢያው ሄድኩ። አንድ የወሎ ልጅ ካላዛር የሚሉት ክፉ በሽታ ተገኝቶበት ስትነግረው በር ላይ ሆኜ አየሁ። አስቀድማ ወንበር ሰጠችው። ከቤቱ ስንት ቀን እንደሆነው ጠየቀችው። ከዚያ ነገረችው። ልጁ አለቀሰ፤ ግን አልወደቀም።

ሲወጣ ስለ ክርክሩ ነገርኳት፣ የድንጋይዋንም ነገር። በጥሞና ሰማችኝና «እኔ ፍልስፍና አልተማርኩም» አለች። «ውጤቱን አልቀንስም፣ አልጨምርም። ግን ቆሞ ላለ ሰው አልነግርም። አስቀምጬ ነው የምነግር።»

ከዚያ ፊቷ በራ። አባቷ ከግቢያቸው ኋላ ያለውን ቁጥቋጦ ማስመንጠር ጀምረዋል። ለማን እንደሆነ አልተናገሩም፤ ሁለት የኒም ችግኝ ግን አስተክለዋል። «ለመኝታ ቤት ጥላ እንዲሆን ነው» ብለው ለአንድ ሠራተኛ ሲነግሩ ሰምታለች።

«ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ።

ደስታ ነው አልኳት። ደስታም ነበረበት።

ጥቅምት 14፣ ዓርብ፣ ረፋድ

ወጣ። ካሌብ ስልኩን ዓይኔ ሥር አስጠጋው። ተራ ቁጥር 17፣ ሰማኸኝ፣ ሞጣ።

ደወል ተደወለ። ክፍል አለኝ።

ጥቅምት 14፣ ማታ

ይህን ቀን ሙሉ በሙሉ መጻፍ አለብኝ።

የዝርዝሩን ፎቶ እስካሁን ያየን ሁለታችን ብቻ ነን፤ ሰኞ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ካሌብ የምሳ ሰዓቱን ሙሉ መከረኝ። «ዝም በል። ጥቅምት 30 ይስጡህ። ከዚያ ሰርግህን ደግስ። ከሰርጉ በኋላ "ድንገት ተዛወርኩ" በል። ማመልከቻ መሙላትህን ማን ያውቃል? አንተ ራስህ ዝም ያለ አልዋሸም ስትል አልነበር?» የራሴን ሐሳብ ከሰው አፍ ስሰማው ምን ያህል እንደሚያስጠላ አላውቅም ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ክርክሩ ተጀመረ። አዳራሹ ጢም ብሏል፤ በመስኮት የተንጠለጠሉ ነበሩ! የእኔን የድንጋይ ነገር የኛ ወገን ልጅ አሳምሮ አቀረበው፤ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ከዚያ መጂዳ ተነሣች። ወረቀት አልያዘችም።

«አንድ ሰው ኮኪት ለመሄድ ባጃጅ ውስጥ ገባ» አለች። «መንገዱ ላይ ያለው ድልድይ ማታ በጎርፍ ተወስዷል። ሾፌሩ ያውቃል፣ ሰውየው አያውቅም። ሰውየው አልጠየቀም። ሾፌሩም ምንም አላለም። ሞተሩን አስነሥቶ ነዳ። የሾፌሩ አፍ አልዋሸም። ባጃጁ ግን ዋሸ።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ዳኛ መሆኔን ረስቼ «ባጃጅ አረፍተ ነገር አይናገርም!» ብዬ ጮህኩ።

ወደ እኔ ዞረች። «ልክ ነዎት መምህር። ግን ሾፌሩ፣ ሰውየው ምን እያሰበ እንደተቀመጠ ያውቃል። ኮኪት እደርሳለሁ እያለ ነው። ያ ሐሳብ ሐሰት ነው፤ ሾፌሩም ሐሰት መሆኑን ያውቃል። እያወቀ በሰውየው ራስ ውስጥ አቆየው። ራሱ ተናግሮ ቢያስገባውና ገብቶ ያገኘውን ዝም ብሎ ቢያቆየው፣ ሰውየው ገደሉ አፋፍ ላይ ሲደርስ ምን ልዩነት አለው?»

ልቤ ዘለለ። በእፍረት ብቻ አይደለም፤ እግዜር ያውቃል፣ በደስታም ነው! እውነት በአረፍተ ነገርና በዓለም መካከል ብቻ የምትኖር መስሎኝ ነበር። በሁለት ሰዎች መካከልም ትኖራለች! አንዱ ሌላውን አምኖ ሲቀመጥ፣ ያኔ ዝምታውም ንግግር ይሆናል። ሰባት ዓመት እውነት ምንድን ነው ስል፣ ለማን ብዬ አልጠየቅኩም። አንዲት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ በባጃጅ አስተማረችኝ።

ለመጂዳ ወገን ፈረድኩ። ስትወጣ «መምህር፣ ተሸንፎ ደስ ያለው ሰው ሳይ እርስዎ የመጀመሪያ ነዎት» አለችኝ። አያቷ በሰው በር ቆመው ስለ እኔ የተናገሩትን አታውቅም።

ማንኮራፋቴን ጽፌአለሁ! ማንኮራፋቴን! እንዴት ያለሁ ቀጣፊ ነኝ። ወረቀቱ ባይኖር ኖሮ ሐጅ እንዲያ አይሉም ነበር። ያመኑኝ ወረቀቱን አይተው ነው። እኔ አንድም ሐሰት ሳልናገር ሦስት ሽማግሌ አስዋሸሁ።

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ነገርኳት። ልምከር፣ ልዘጋጅ ብዬ ነበር፤ ብሌንን እንዳየኋት ከአፌ አመለጠኝ። ወንበር አልሰጠኋትም። የናሙና ሳጥን እንደያዘች ቆማ ሰማችኝ።

ሳጥኑን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«መሄድህን አይዶለም» አለች። «እናትህ ብቻዋን ናት፤ ብትሄድም አልፈርድብህ። ያን ዕለት እኔ ጓዳ ነበርኩ። ሐጅ አይሄድም ሲሉ አባቴ የተነፈሰው ትንፋሽ እስከ ጓዳ ይሰማ ነበር። እኔ እልል ልል አፌን በእጄ ይዤ ነው የቆምኩ። አንተ ያን ጊዜ የት ነበርክ? ቤትህ ሆነህ እውነተኛ ነኝ ትል ነበር።»

ሳጥኑን መልሳ አነሣችው።

«ሂድና ለሽማግሌዎቹ ንገራቸው። ሰኞ ከሰሌዳ እንዳይሰሙት። ከዚያ ለአባቴ። የኔን መልስ ከዚያ በኋላ ትሰማለህ።»

ስወጣ አላየችኝም። እግዚኦ፣ ይህችን ሴት ላጣት ነው።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

በአንድ ቀን የሞትኩም የተነሣሁም መሰለኝ።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ጋሽ ዳኛው ቤት ነበርኩ። ሲሰሙ መነጽራቸውን አወለቁ። እንዲህ ተቆጥተው አይቻቸው አላውቅም።

«ሠላሳ ዓመት በሰው በር ስቆም ዋሽቼ አላውቅም ብዬ አልምልም» አሉ። «ሰካራሙን ጨዋታ ወዳድ ነው ብያለሁ። እያወቅሁ ነው የዋሸሁ፣ ኃጢአቱም የራሴ ነው። ሳላውቅ ያስዋሸኝ ግን አንተ የመጀመሪያው ነህ።»

ተነሥተው ኮታቸውን አመጡ። ያቺ ወረቀት አሁንም ደረት ኪሱ ውስጥ ነበረች። ዘረጓትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ስድስተኛውን ጻፍ።»

ጻፍኩ። ሐጅ ኡመይር ሲነገራቸው «ኸላስ፣ በቃ፣ ተነሡ» ብቻ አሉ። ቄሱ ከቅዳሴ ሲወጡ ተከተሉን። እኔ ቤት እቀራለሁ ብዬ ነበር፤ ሙሽራ ከሽማግሌ ጋር ሄዶ አያውቅማ። ጋሽ ዳኛው «ዛሬ ትሄዳለህ። የምናቀርበው ሰው አንተ ነህ» አሉኝ።

አቶ ደምለው እርሻቸው ላይ ነበሩ፤ የደረቀ ሰሊጥ እሑድን አይጠብቅም። አጫጆቹ ሂላ የሚሉትን፣ ቀጥ አድርገው ያቆሙትን የሰሊጥ ክምር፣ እቅፍ እቅፉን እያነሱ ሸራው ላይ ገልብጠው ያራግፋሉ። ፍሬው እንደ ዝናብ ይንሿሿል። አራታችን በተርታ ቆምን። አቶ ደምለው አዩን፤ እኔንም ሲያዩ ቅንድባቸው ተነሣ፤ ማራገፋቸውን ግን አልተዉም። ፀሐይ ላይ ብዙ ቆምን።

በመጨረሻ «ቀጠሯችሁ ገና ነው» አሉ።

«የተናገርነው እውነት ስላልሆነ ልናነሣው መጣን» አሉ ጋሽ ዳኛው። ወረቀቱን ለእኔ ሰጡኝ።

ጮክ ብዬ ስድስቱንም አነበብኩ። ሦስተኛው ላይ አጫጆቹ ሳቁ። «ስድስተኛ፣ ወደ ሞጣ ለመዛወር አመልክቼ ነበር፤ ሽማግሌዎቼ ይህን አያውቁም፤ ዝውውሩ ተፈቅዶልኛል» ስል የሳቀ የለም። ማራገፉም ቆመ።

«ሞጣ ማን አለህ?» አሉ አቶ ደምለው።

«እናቴ።»

«ሌላ ማን አላት?»

«ማንም የላትም።»

«ስለ ልጄ ነግረሃታል?»

አቤት ይህ ሰውዬ! «አልነገርኳትም» አልኩ።

«እንግዲያ ሰባተኛም አለህ» አሉ። አንዱ አጫጅ ከኋላ አፏጨ። አቶ ደምለው እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። «እናቱን ጥሎ የሚቀር ወንድ አልወድም። ልጄን ይዞ ለሚሄድም አልሰጥም። ይኼን አንተ ነህ ያመጣኸው፣ አንተው ፍታው። ቀጠሮው እንዳለ ነው።»

እንዳለ ነው! ሰው ሁሉ ይስማልኝ፣ እንዳለ ነው! ዘወር ልንል ስንል «አንተ ወዴት?» አሉኝ። «ያን ያዝ።» እስኪመሽ ሰሊጥ ሳራግፍ ዋልኩ። መዳፌ ተልጧል፣ አንገቴ ተቃጥሏል፣ ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር ሰሊጥ አለ። እንደ ዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ጥቅምት 18፣ ማክሰኞ

ለእማ ደወልኩ።

«እማ፣ ለጥምቀት አልመጣም» ብዬ ጀመርኩ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን ነው የምታውቂ?»

«ሰባት ዓመት ለጥምቀት፣ ለፋሲካ ስትለኝ አይደለ? የምጠይቅህ ትመጣለህ ብዬ መሰለህ? ስትለው ደስ ስለሚለኝ ነው።»

ይህን የት ልመድበው? እኔ ሐሰት ስናገር እሷ ሐሰት መሆኑን ታውቃለች፤ አውቃ ትጠይቃለች፣ አውቃ ትደሰታለች። የተታለለ ሰው የለም። ታዲያ ለምን አለቀስኩ? ለዚህ ሌላ ደብተር ያስፈልገኛል።

ከዚያ ስለ ብሌን፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ስድስተኛውና ስለ ሰባተኛው ሁሉንም ነገርኳት።

«ልጅቱ ምን ትሠራለች?»

«ደም ትመረምራለች።»

«እሰየው። እንግዲያ ወባ ቢይዘኝ ታየኛለች።»

«ማን ወባ ይይዝሻል? ሞጣ ሆነሽ?»

«የጎረቤቶቻችን፣ የነውባለም ልጆች ለሰሊጥ ሊወርዱ ነው። አብሬያቸው እወርዳለሁ። እኔ እግር የለኝም?»

ጥቅምት 22

እማ የምትመጣበት መንገድ ተዘግቷል አሉ። ለብሌን ሁሉንም ነገርኳት፤ ዛሬ ወንበር ስቤላት ነው። አዲስ አጎበር ሰጠችኝ። «ለእናትህ» አለች። ሌላ ምንም አላለችም። አጎበሩ ምን ማለት ነው? ስለ እኔም ይሆን?

ዝውውሩን እንደማልፈልግ ደብዳቤ አስገባሁ። ካሌብ ነካ አድርጎሃል አለኝ።

ጥቅምት 28

ደረሰች! ሦስት ቀን መንገድ ላይ፣ ከሰላሳ አጫጅ ጋር። ሁሉም «እማማ» ይሏታል። ሻንጣዋን አራት ሆነው ያዙላት፤ አውርደው እስከ ደጄ አመጧት።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

እየጻፍኩ ያለሁት ከአቶ ደምለው ግቢ ኋላ፣ ከኒሞቹ አጠገብ ተቀምጬ ነው። ገና ጀምበር አልጠለቀችም።

ጠዋት ሦስቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። እኔ ከኋላቸው። እማ ከእኔ አጠገብ፣ በዘንጓ ተደግፋ። ሴት ከሽማግሌ ጋር ስትቆም ታይቶ አይታወቅም፤ ቄሱ በመንገድ ላይ አጉረምርመው ነበር፤ ጋሽ ዳኛው «መልሱ እሷ ናት» ብለው ዝም አሰኟቸው።

አቶ ደምለው ወጡ። ስለ መልሱ ሊጠይቁኝ ወደ እኔ ሲያዩ እማን አዩ።

«እኒህ ማን ናቸው?»

«ውባንች እባላለሁ» አለች እማ። «ያ ሰባተኛው ጉድለት እኔ ነኝ፣ እናቱ።»

አቶ ደምለው ደነገጡ። «ከሞጣ? በዚህ መንገድ? ኧረ እናቴ፣ ምነው ቆሙ! ይቀመጡ እንጂ!» ራሳቸው ሮጠው በርጩማ አመጡ።

እማ በርጩማውን አየችው። ሦስቱን ሽማግሌዎች አየች። «እነሱ ቆመው እኔ ልቀመጥ? እንዴት ይሆናል?» አለች። «እነሱ ከተቀመጡ እቀመጣለሁ።»

አቶ ደምለው በርጩማውን በአየር ላይ እንደያዙ ቀሩ። ከመንገድ የመጣች አሮጊት በራቸው ላይ አቁመው ማዋል አይችሉም፤ ሽማግሌዎቹን አስቀመጡ ማለት ደግሞ ልጃቸውን ሰጡ ማለት ነው። ሐጅ ኡመይር ጢማቸውን ይዘው ወደ ሰማይ ማየት ጀመሩ።

«እና አንተ ምን ትላለህ?» አሉኝ አቶ ደምለው፣ ዓይናቸውን ከእማ ሳያነሡ።

«ዝውውሩን መልሻለሁ። በጋውን እማ እዚህ ትሆናለች። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ሁለት ወር እኛ ወደ እሷ እንወጣለን። ብሌን ፈቃድ ካገኘች። ካላገኘች እኔ እሄዳለሁ። ሌላ የደበቅኩት የለም።»

«ሁለት ወር ትወስድብኛለህ።»

«አዎ።»

ብዙ አሰቡ። ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ለካ እየሳቁ ነው። «በሉ ተቀመጡ!» ብለው ጮሁ። «ሁላችሁም ተቀመጡ፤ ሴትዮዋ ይረፉበት!»

ጓዳው ውስጥ እልልታው ፈነዳ። ድምጿን አውቀዋለሁ። አሁን አፏን በእጇ አልያዘችም።

ከምሳ በኋላ እማን ለብቻዋ አገኘኋትና «አውቀሽ ነው አይደል? ሳይቀመጡ አልቀመጥም ያልሽው?» አልኳት።

«ኧረ እግሬን አሞኝ ነበር ልጄ» አለች። «የት እንደምቀመጥ ግራ ገብቶኝ ነው።»

ሞጣ ገበያ በእግሯ ደርሳ የምትመለስ ሴት ናት። «እውነትሽን ነው?» ልላት አፌን ከፈትኩ። በዚህ መሀል ብሌን መደገፊያ ያለው ወንበር ተሸክማላት መጣችና አጠገቧ አስቀመጠችላት። እኔም ተውኩት።